ኮምፓይል ሆኖ ያልተሟላው ላይብረሪ፦ ዜሮኤምኪውንና የፓይተን ባይንዲንጉን ለኤአርኤም ቦርድ ማዘጋጀት

መሳሪያው በርቷል። ፕሮግራሙ እየሰራ ነው። ሎጉ ላይ አንድም ስህተት የለም። ከሴንሰሮቹ የሚያነበው ቁጥር በሰዓቱ ሰርቨሩ ጋ ይደርሳል። ከሰርቨሩ ወደ እሱ የሚላከው ትእዛዝ ግን አይደርስም። ሪስታርት ሲደረግ ወዲያው መስማት ይጀምራል። ትእዛዝ ሳይላክለት ትንሽ ከቆየ ደግሞ መልሶ ይደነቁራል። ያው የፓይተን ኮድ ላፕቶፕ ላይ፣ በዚያው ሲም ካርድ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያድር ምንም አይሆንም።

እንዲህ አይነት ምልክት ሲታይ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኔትወርኩን ነው። የሞባይል ዳታ ስለሆነ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ኔትወርኩም ድርሻ ነበረው። ዋናው ጣጣ ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ላይብረሪው ላፕቶፕ ላይ ለቦርዱ ኮምፓይል በተደረገበት ሰዓት የተፈጠረ ነበር። ለዚህ ነው ጉዳዩን ከስሩ የምጽፈው። ክሮስ ኮምፓይል የሚያደርግ፣ ማለትም በአንድ ማሽን ላይ ለሌላ አይነት ማሽን የሚገነባ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ስራው

ቦርዱ ቢግልቦን ብላክ የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የወጣው በ2013 ነው። አንድ ኮርቴክስ ኤ8 የተባለ የኤአርኤም ፕሮሰሰር በ1 ጊጋኸርትዝ፣ 512 ሜጋባይት ራም፣ ላዩ ላይ የተበየደ ትንሽ ፍላሽ አለው። የጫንበት ሲስተም ደቢያን 10 ነው። ሁለት ፕሮግራሞች ይሰሩበታል። አንዱ በሲፕላስፕላስ የተጻፈ ሆኖ ከሴንሰሮች ይሰበስባል። ሌላው በፓይተን 3.7 የተጻፈ ነው፤ የተሰበሰበውን ወደ ሰርቨር ይልካል፣ ከሰርቨሩም ትእዛዝ ይቀበላል።

ሁለቱን እርስ በርስም ሆነ ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኛቸው ዜሮኤምኪው ነው። ዜሮኤምኪው በ2007 ኢማቲክስ በተባለ የቤልጂየም ድርጅት ውስጥ የተጀመረ የመልእክት ላይብረሪ ነው፤ ማርቲን ሱስትሪክና በ2016 ያረፈው ፒተር ሂንትጄንስ ከስሙ ጋር አብረው ይነሳሉ። ከብዙዎቹ የመልእክት ሲስተሞች የሚለየው መሃል ላይ ተቀምጦ መልእክት የሚያቀባብል ብሮከር አለመፈለጉ ነው። ላይብረሪው ራሱ ፕሮግራሙ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ለትንሽ ቦርድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዋናው ላይብረሪ በሲፕላስፕላስ የተጻፈ ነው፤ ለውጭ የሚያሳየው ፊት ግን የሲ ነው። ፓይዜድኤምኪው ደግሞ የፓይተን ባይንዲንጉ ነው፣ ማለትም ላይብረሪውን ከፓይተን ለመጥራት የሚያስችለው ድልድይ፤ ፓይተን በሚመስለው በሳይተን ቋንቋ ተጽፎ ወደ ሲ ይቀየርና ኮምፓይል ይሆናል። ጁፒተር ኖትቡክ የከፈተ ሰው ሳያውቀው ተጠቅሞበታል፤ ኖትቡኩ ኮዱን ከሚያሮጥለት ከራሱ ከርነል ጋር የሚነጋገረው በዚሁ ነው።

ለምን ቦርዱ ላይ ራሱ ኮምፓይል አላደረግነውም? ይቻላል። ግን ሳይተን የሚያወጣው የሲ ፋይል ትልቅ ነው፣ የሲፕላስፕላስ ኮምፓይለርም ራም ይበላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ወደ ስራ በሚወጣ ሲስተም ላይ ኮምፓይለር መተው አንፈልግም። ብዙ መሳሪያዎች አንድ አይነት ኢሜጅ ነው የሚጫንባቸው። ስለዚህ ላፕቶፕ ላይ ሰርቶ ማውረድ ይሻላል።

መጀመሪያ ላይብረሪው

ሶርሱ የሚመጣው ከኮንፊገር ስክሪፕት ጋር ነው፤ ከግንባታው በፊት ሲስተሙ ምን ምን እንዳለው የሚያጣራ ስክሪፕት ነው። ስክሪፕቱ ሁለት ነገር እንድትነግሩት ይፈልጋል፦ «ቢውልድ» እና «ሆስት»። «ቢውልድ» ስራው የሚሰራበት ማሽን ነው፤ ላፕቶፑ። «ሆስት» ደግሞ ውጤቱ የሚሮጥበት ማሽን ነው፤ ቦርዱ። ብዙ ሰው ሁለቱን ገልብጦ ይረዳቸዋል። ሁለቱንም በግልጽ ስትሰጡት ስክሪፕቱ ክሮስ ኮምፓይል ላይ እንዳለ ያውቃል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

ለቦርዱ የሚሆነው የኮምፓይለር ስም መጨረሻው ላይ «ኤችኤፍ» አለበት። ሀርድ ፍሎት ማለት ነው፤ የነጥብ ቁጥሮች ከአንድ ፈንክሽን ወደ ሌላው በፕሮሰሰሩ የፍሎት ሬጅስተሮች በኩል ይተላለፋሉ። «ኤችኤፍ» በሌለው ኮምፓይለር የተሰራ ፕሮግራም ቦርዱ ላይ ሲሮጥ የሚያወጣው መልእክት ሰው ያሳብዳል፦ «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ዳይሬክተሪ የለም»። ፋይሉ አይናችሁ ስር ተቀምጧል። የጠፋው ፕሮግራሙ ራሱ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ስሙ የተጻፈው ዳይናሚክ ሊንከር ነው፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ ላይብረሪዎቹን የሚያገናኝለት። በሪድኤልፍ ትእዛዝ የፕሮግራሙን ራስጌ ብታዩ የሚፈልገውን ሊንከር ስም ታገኙታላችሁ። የሀርድ ፍሎቱ ስም ውስጥ «ኤአርኤም ኤችኤፍ» የሚል አለበት፤ የሌላኛው ስም ውስጥ የለም።

ቀጥሎ የመጣው የጂሊብሲ፣ ማለትም የሲስተሙ ዋና የሲ ላይብረሪ፣ ቬርዥን ነው። ላፕቶፑ ኡቡንቱ 22.04 ነው፣ ጂሊብሲው 2.35። ደቢያን 10 ያለው 2.28 ነው። በላፕቶፑ ቱልቼይን (ኮምፓይለሩና አጋዥ መሳሪያዎቹ) የተሰራው ላይብረሪ ቦርዱ ላይ ሲጫን «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» ይላል። ለምን በትክክል 2.34? በዚያ ቬርዥን፣ በ2021፣ የትሬድ ላይብረሪው ከዋናው ሲ ላይብረሪ ጋር ተዋህዷል፤ ትሬድ የሚፈጥረው ፈንክሽንም አዲስ የቬርዥን ምልክት ተሰጥቶታል። ዜሮኤምኪው ከበስተጀርባ የራሱን ትሬድ የሚያስነሳ ላይብረሪ ስለሆነ ከዚህ አያመልጥም። አዲስ ጂሊብሲ የድሮ ፕሮግራም ያሮጣል፤ የድሮ ጂሊብሲ ግን በአዲስ ላይ የተሰራውን አያሮጥም።

መላው ቀላል ነው። ስራውን በሙሉ ደቢያን 10 ባለበት ኮንቴይነር ውስጥ አስገባነው። ደቢያን የራሱን የኤአርኤም ክሮስ ኮምፓይለር ፓኬጅ ያቀርባል። የኤአርኤም አርክቴክቸርን በተጨማሪነት ካስመዘገባችሁለት ደግሞ የቦርዱን ላይብረሪዎችና ሄደሮች (ኮምፓይለሩ የሚያነባቸው የመግለጫ ፋይሎች) ጎን ለጎን ይጭንላችኋል። ለኢንክሪፕሽን የሚያስፈልገውን ሊብሶዲየም ያገኘነውም በዚሁ መንገድ ነው። የላይብረሪዎችን ቦታ የሚናገረው ፓኬጅ ኮንፊግ የላፕቶፑን መንገድ እንዳያመጣ የሚፈልግበትን ዳይሬክተሪ ወደ ኤአርኤሙ ማዞር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሊንከሩ «የተሳሳተ አይነት ፋይል» እያለ ይጮሃል። ይጩህ፤ የሚጮህ ነገር ይታረማል።

ከዚያ ባይንዲንጉ

ባይንዲንጉ ከላይብረሪው ይከብዳል። ምክንያቱ የፓይተን ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ኮምፓይል ሆኖ ፓይተን ውስጥ የሚጫን ሞጁል፣ የሚገነባው ራሱ ፓይተን ነው። የሚሮጠው ፓይተን ደግሞ የላፕቶፑ ነው። «ሎንግ ስንት ባይት ነው? የፋይሉ ስም በምን ያልቃል? በየትኛው ፍላግ ልገንባ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ስለ ራሱ ነው እንጂ ስለ ቦርዱ አይደለም።

ይህ በመጀመሪያ የሚታየው ሄደሮቹ ላይ ነው። ደቢያን ላይ የኤአርኤሙ የፓይተን ሄደር ካልተጫነ ኮምፓይለሩ ፋይሉን አላገኘሁም ብሎ ይቆማል። ከሶርስ በተሰራ ፓይተን ላይ ደግሞ «የሎንግ ቢት መጠን ለዚህ ፕላትፎርም የተሳሳተ ይመስላል» የሚል ስህተት ታያላችሁ። ነገሩ ግልጽ ነው፦ የላፕቶፑ ሄደር ሎንግ 8 ባይት ነው ይላል፣ የኤአርኤሙ ኮምፓይለር ደግሞ 4 ነው ይላል። የፓይተን አዘጋጆች ይህን ማመሳከሪያ ሄደሩ ውስጥ በማስገባታቸው ላመሰግናቸው እወዳለሁ። እሱ ባይኖር ኖሮ ተገንብቶ ያልፍና ቦርዱ ላይ ሜሞሪ ያበላሽ ነበር።

ሁለተኛው የፋይሉ ስም ነው። ፓይተን ኤክስቴንሽን ሲፈልግ ስሙ ላይ የተጻፈውን ፕላትፎርም ያያል። እንዲሁ በዘፈቀደ የተገነባው ፋይል ውስጡ ኤአርኤም ሆኖ ስሙ ላይ «ኤክስ86-64» ተጽፎበት ይወጣል። ቦርዱ ላይ ያለው ፓይተን ያልፈዋል፤ «እንዲህ ያለ ሞጁል የለም» ይላል። ስሙን በእጅ መቀየር ያሰራዋል፤ እኔ ግን አልመክርም። ስሙ ከተሳሳተ ፍላጎቹም ከዚያው ከተሳሳተ ቦታ ነው የመጡት። ትክክለኛው መንገድ የቦርዱ ፓይተን እንዴት እንደተገነባ የተመዘገበበትን የሲስኮንፊግ ዳታ ፋይል ለላፕቶፑ ፓይተን መስጠት ነው፤ የዚህን ፋይል ስም የሚቀበል የኤንቫይሮንመንት ቫሪያብል አለ። ክሮስኤንቭ የተባለው መሳሪያ ይህን ሁሉ ሸክም ያቀልላል።

ሶስተኛው ለዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ነው። የዚያን ጊዜው የፓይዜድኤምኪው ሰተፕ ስክሪፕት፣ ከ26ኛው ቬርዥን በፊት ያለው፣ ዜሮኤምኪው መኖሩንና ቬርዥኑን ለማወቅ ትንሽ የሲ ፕሮግራም ይጽፋል፣ ኮምፓይል ያደርጋል፣ ከዚያ ያሮጠዋል። ኮምፓይል የሆነው ለኤአርኤም ነው፤ የሚሮጠው ኢንቴል ላይ ነው። ስለዚህ «የፋይሉ ፎርማት አይሮጥም» ብሎ ይቆማል። ይህን ፍተሻ እለፍ የሚል ማዘዣ በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ አለ። እውነት አድርገነው፣ የላይብረሪውን ቦታም ነግረነው አለፍን። ፓይዜድኤምኪው ላይብረሪውን በራሱ ውስጥ ጠቅልሎ የመገንባት አማራጭም ነበረው። እኛ ግን ሁለቱ ፕሮግራሞች አንድ አይነት ላይብረሪ እንዲጠቀሙ ስለፈለግን አልወሰድነውም።

ቦርዱ ላይ ኢምፖርት ሆነ። ቬርዥኑ ሲጠየቅ 4.3.4 አለ። መልእክት ሄደ፣ መጣ። መሳሪያዎቹም ወጡ።

ዝምታው

ትእዛዝ የሚቀበለው «ሰብ» አይነት ሶኬት ነው፤ ከተገናኘ በኋላ የሚሰማ ብቻ ነው፣ ምንም አይልክም። ንባቡ የሚላከው በሌላ ግንኙነት ነው። ለዚህ ነው ንባቡ እየደረሰ ትእዛዙ የሚጠፋው። የሞባይል ኔትወርክ የአድራሻ መለወጫ ሰንጠረዥ ውስጥ ምንም የማይተላለፍበት ግንኙነት ከቆየ ይሰረዛል፤ ለሁለቱም ወገን ግን አይነገራቸውም። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ ሲልክ መልስ ስለማያገኝ ደጋግሞ ሞክሮ ይዘጋዋል። መሳሪያው ደግሞ ምንም ስለማይልክ ግንኙነቱ መሞቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ዜሮኤምኪው ግንኙነት ሲቋረጥ ራሱ መልሶ ይገናኛል፤ መጀመሪያ ግን መቋረጡን ማወቅ አለበት።

ይህን አስቀድመን አስበንበት ነበር። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ የቲሲፒ ኪፕአላይቭ፣ ማለትም ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ዝም ባለ ግንኙነት ላይ «አለህ ወይ» ብሎ የሚልከው መጠየቂያ። ሊኑክስ በነባሪ የመጀመሪያዋን መጠየቂያ የሚልከው ከ7200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት ለሞባይል ኔትወርክ እጅግ ረጅም ስለሆነ ኮዱ ውስጥ ኪፕአላይቭ በርቶ 60 ሰከንድ ተደርጓል። ሶኬቱን ኪፕአላይቭህ በርቷል ወይ ብለን ስንጠይቀው 1 ይላል። ላፕቶፕ ላይም 1፣ ቦርዱ ላይም 1።

ልዩነቱ የታየው በኤስኤስ ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ ሰዓት ቆጣሪዎችን እንዲያሳይ ሲታዘዝ ከእያንዳንዱ ግንኙነት ጎን ከርነሉ የሚቆጥረውን ያሳያል። ላፕቶፑ ላይ ከግንኙነቱ መስመር መጨረሻ «ታይመር፣ ኪፕአላይቭ» ብሎ ሰከንዶቹን ይጽፋል። ቦርዱ ላይ ያ መስመር መጨረሻው ባዶ ነው። ከርነሉ ስለ ኪፕአላይቭ የሰማው ነገር የለም። በኤስትሬስ ስናየውም ለከርነሉ የሚቀርበው ጥሪ ጨርሶ የለም። ላይብረሪው ቁጥሩን ተቀብሎ አስቀምጦታል፣ ሲጠየቅም መልሶ ይናገረዋል፣ አያደርገውም እንጂ።

ከዚያ ወደ ሶርሱ። ኪፕአላይቭን ከርነሉ ላይ የሚያበራው የኮድ ክፍል በቅድመ ሁኔታ ውስጥ ነው፤ ኮንፊገር «ኤስኦ ኪፕአላይቭ አለ» ብሎ ካልጻፈ ኮምፓይል አይሆንም። ኮንፊገር የሚጽፈውን የፕላትፎርም ሄደር ከፈትነው። መስመሩ ኮሜንት ውስጥ ተቀምጧል፤ «አልተበየነም»። ወደ ኮንፊገር ሎግ ሄድን። ከብዙ መቶ መስመር መሃል «ኤስኦ ኪፕአላይቭ ይደገፋል ወይ» የሚል ጥያቄ አለ። ከፊቱ «አዎ» ወይም «የለም» አይደለም የተጻፈው። «በክሮስ ኮምፓይል ጊዜ አይሆንም» ነው የሚለው።

ስክሪፕቱ ይህን የሚያጣራው ልክ እንደ ፓይዜድኤምኪው ነው፦ ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ፣ ኮምፓይል አድርጎ፣ አሮጦ። ክሮስ ኮምፓይል ላይ ሲሆን ማሮጥ ስለማይችል አይሞክርም። የሚጠነቀቅ መልስ ይይዛል፤ ማለትም እንደሌለ ይቆጥረዋል። ከዚያ ስራውን ይቀጥላል። ስህተት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ላይብረሪው በሰላም ይወጣል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው። ሁለቱ ስክሪፕቶች ያጋጠማቸው አንድ አይነት እንቅፋት ነው። አንዱ ጮኾ ቆመ፣ በአንድ መስመር ተስተካከለ። ሌላው ዝም ብሎ አለፈ፣ ችግሩም መሳሪያው ከተጫነበት ቦታ ድረስ ሄደ።

የጎደለው አንድ ነገር ብቻ አልነበረም። በዚያው ሎግ ውስጥ ስለ ኪፕአላይቭ ብዛት፣ ስለ መቆያ ጊዜውና ስለ ድግግሞሹ የሚጠይቁት ሁሉ ያንኑ መልስ ይዘዋል። ሶኬት ሲከፈት ለልጅ ፕሮሰስ እንዳይተላለፍ የሚያደርገው ፍላግም እንዲሁ። ለዚህኛው ላይብረሪው ሌላ መንገድ አለው፤ ሶኬቱን ከከፈተ በኋላ በሌላ ጥሪ ያስተካክለዋል፣ ስለዚህ ጉዳቱ ያንሳል። ለኪፕአላይቭ ግን ምትክ የለውም።

ማስተካከያው

ኮንፊገር መልሱን ከውጭ ይቀበላል። እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ የካሽ ቫሪያብል አለው፤ በዜሮኤምኪው ሁሉም «ሊብዜድኤምኪው ሲቪ» ብለው ይጀምራሉ። ስማቸውን ከሎጉ ላይ ወስዶ፣ «አዎ» ብሎ፣ ስክሪፕቱ ሲጠራ መስጠት ነው። ስክሪፕቱ መልስ ሲያገኝ ፈተናውን ይተወዋል።

«አዎ» ከማለት በፊት ግን እውነት መሆኑን ማወቅ ግድ ነው። የኪፕአላይቭ መቆያ፣ ድግግሞሽና ብዛት ሊኑክስ ውስጥ ከ2.4 ጀምሮ አሉ። ያ የሶኬት ፍላግ ከ2.6.27 ጀምሮ አለ። የቦርዱ ከርነል ከሁለቱም እጅግ አዲስ ነው። ለማታውቁት ነገር ደግሞ ፈተናውን ራሱን አውጥታችሁ ለቦርዱ ኮምፓይል አድርጋችሁ እዚያው አሩጡት፤ ከአስር መስመር ብዙም የማይበልጥ ፕሮግራም ነው። ኪውኤምዩ የተባለው መሳሪያ ላፕቶፕ ላይ የኤአርኤም ፕሮግራም ያሮጣል፤ ባይንዲንጉ ኢምፖርት መሆኑን ለማየት ጥሩ ነው። ስለ ከርነል ለሚጠየቅ ጥያቄ ግን አይሆንም። በዩዘር ሞድ ሲሰራ የሶኬት ጥሪዎቹን የሚመልሰው የላፕቶፑ ከርነል ነው።

አራቱንም የኪፕአላይቭ መልሶች አንድ ላይ መስጠት ያስፈልጋል። ማብሪያውን ብቻ «አዎ» ብላችሁ የመቆያ ጊዜውን ብትተዉት ኤስኤስ ላይ ታይመሩ ይታያል፣ ደስ ይላል። ግን ከጎኑ ያለው ቁጥር ወደ 119 ደቂቃ ይሆናል። ከርነሉ የራሱን ሁለት ሰዓት ይዟል ማለት ነው፤ የእናንተ 60 ሰከንድ አልደረሰውም። ኮዱ ውስጥ ያለው ቁጥርና ኤስኤስ የሚያሳየው መመሳሰል አለባቸው።

ላይብረሪው እንዲህ ተሰርቶ ሲጫን መሳሪያዎቹ መስማት ቀጠሉ። ባይንዲንጉን እንደገና መገንባት አላስፈለገም፤ የተቀየረው ከስሩ ያለው ላይብረሪ ብቻ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ «ለምን የዜሮኤምኪውን የራሱን ኸርትቢት አልተጠቀማችሁም?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው። ከ4.2 ጀምሮ ላይብረሪው በራሱ ፕሮቶኮል ፒንግ ይልካል፣ ፖንግ ይጠብቃል፣ ካልመጣ ግንኙነቱን ዘግቶ መልሶ ይገናኛል። ኮንፊገር ከርነሉን ምንም ሳይጠይቅ የሚሰራ ስለሆነ ለክሮስ ኮምፓይል ይበልጥ ያስተማምናል። የእኛ ሰርቨር ግን ያኔ 4.1 ላይ ነበር፤ ፒንጉን የሚመልስ ሰው እዚያ ማዶ አልነበረም። ሰርቨሩ ከፍ ሲል ኸርትቢቱን ጨመርን፤ ኪፕአላይቩንም አላጠፋነውም። ሁለቱም ወገን በእጁ ያለ ሰው ከኸርትቢቱ ቢጀምር እላለሁ።

በአዲሶቹ የፓይዜድኤምኪው ቬርዥኖች፣ ከ26 ወዲህ፣ ግንባታው ሲሜክ ወደተባለው የግንባታ መሳሪያ ዞሯል። የቱልቼይን ፋይል መስጠት ስለሚቻል ብዙው ውጣ ውረድ ቀሏል። ሆኖም በማሮጥ የሚጣራ ነገር ባለበት ሁሉ ያው ጥያቄ አለ፤ ስለዚህ እዚያም የተፈጠረውን የፕላትፎርም ሄደር ከፍቶ ማየት ነው። ለላፕቶፑ ለራሱ ከተሰራው ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ በዲፍ ብታወዳድሩት የጎደለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለላፕቶፑ አንዴ፣ ለቦርዱ አንዴ መገንባት፣ ከዚያ ሁለቱን ሄደሮች ማወዳደር፤ ከዚህ ጉዳይ ከወሰድናቸው ልማዶች ይህን ያህል የጠቀመን የለም።

ሌላው ልማድ ኢሜጁ ከመውጣቱ በፊት ቦርዱ ላይ የሚሮጥ አጭር የፓይተን ስክሪፕት ነው። የላይብረሪውን ቬርዥን ያያል። ከርቭ የተባለው ኢንክሪፕሽን መኖሩን ላይብረሪውን ይጠይቃል፤ ሊብሶዲየም ሳይገኝ የተገነባ ላይብረሪ እዚህ ላይ ይያዛል። ከዚያ አንድ ግንኙነት ይከፍትና ላይብረሪውን ሳይሆን ከርነሉን፣ በኤስኤስ በኩል፣ ኪፕአላይቩ ስንት ሰከንድ እንደቀረው ይጠይቃል። ቁጥሩ ከ60 በላይ ከሆነ ወይም ቦታው ባዶ ከሆነ ስክሪፕቱ በስህተት ይወጣል፣ ኢሜጁም አይለቀቅም።